ያየ ነው ወይስ የሰማ? የዋይትቻፕል ግድያዎችን ማስረጃ እንዴት እንመዝናለን

«ዲኤንኤው ገዳዩን አጋለጠ ይባላል፤ እውነት ነው?» ይህ ጥያቄ ወር አያልፍም፣ ይመጣልኛል። አንዳንዴ መልኩን ቀይሮ «የፖሊስ አዛዡ ራሱ ስሙን ጽፎታል አይደል?» ወይም «ገዳዩ በእጁ የጻፈው ደብዳቤ አለ አይደል?» ይሆናል። ሁሉም የሚጠይቁት እ.ኤ.አ. በ1888 በምሥራቅ ለንደን፣ ዋይትቻፕልና አካባቢው ሴቶችን ገድሎ ሳይያዝ ስለቀረው፣ «ጃክ ዘ ሪፐር» ስለተባለው ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ሚዛኑን ባቀብላችሁ ይሻላል። ገዳዩ ማን እንደሆነ እዚህ አታገኙም። አንድ ወረቀት ወይም አንድ ዕቃ ሲቀርብላችሁ ስንት እንደሚመዝን ግን ራሳችሁ ትለያላችሁ።

ከታች ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቶቹ ግን እንደ እኛ። 11፡30 ስል የእንግሊዝኛው ምንጭ 5፡30 ይላል ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተር ወይም ኤክሴል፣ አራት ዓምድ ተሰምሮበት፦ ማን አለ፣ እንዴት አወቀ፣ መቼ ተጻፈ፣ እስከ ዛሬ የት ቆየ።
- እርሳስና ላጲስ። ነጥብ የምትሰጡት በእርሳስ ብቻ ነው፤ ደጋግማችሁ ታጠፉታላችሁ።
- የዘመኑ ካርታ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የ1890ዎቹን የለንደን ዝርዝር ካርታ በድረ ገጹ በነጻ ያሳያል። የዛሬው ጉግል ካርታ አይበቃም፤ ብዙዎቹ መንገዶች ስማቸው ተቀይሯል ወይም ፈርሰዋል።
- የምስክርነት ቃሎች ግልባጭ፣ እንዲሁም ስለ አንዱ ቀን የጻፉ ቢያንስ ሦስት ጋዜጦች።
- የዚያን ቀን የፀሐይ መውጫ ሰዓት።

ማስጠንቀቂያ

የሟቾቹ የአስከሬን ፎቶዎች በይነመረብ ላይ ያለ ምንም መሸፈኛ ተለጥፈዋል። ለዚህ ሥራ አያስፈልጓችሁም፤ የሐኪሞቹ ቃል በጽሑፍ አለ። ልጆች ባሉበት ስክሪን ላይ ምስል አትፈልጉ።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ስለ ስም ነው። ጆን ፓይዘር የሚባል አይሁዳዊ ጫማ ሠሪ በመስከረም 1888 «ሌዘር ኤፕረን» (የቆዳ ሽርጥ) በሚል ቅጽል ስም የሚፈለገው ተጠርጣሪ ነው ተብሎ ተያዘ፤ ግድያዎቹ ሲፈጸሙ የት እንደነበረ ስለተረጋገጠ ተለቀቀ። እሱ በሕይወት ሳለ በችሎት ራሱን ነጻ ማድረግ ችሏል። እናንተ የምትጠረጥሩት ሰው ሞቷልና አይችልም፤ የልጅ ልጆቹ ግን ሊያነቡ ይችላሉ።

አሠራሩ

1. ጥያቄውን አጥብቡ።

«ገዳዩ ማን ነው?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ያገኛችሁት ሁሉ ማስረጃ ይመስላችኋል። «አኒ ቻፕማን የሞተችው በስንት ሰዓት ነው?» ወይም «ይህ ጨርቅ የሟቿ የካትሪን ኤዶውስ ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። ጠባብ ጥያቄ ስህተት መሆኑ ሊታወቅ ይችላል፤ ሰፊው ጥያቄ ግን ማንኛውንም መልስ ይቀበላል። በአንድ ምሽት ከአንድ ጥያቄ በላይ አትያዙ።

2. የመጀመሪያውን ወረቀት ፈልጉ፤ መጥፋቱንም እወቁ።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሰው በሰው እጅ ሲሞት ኮሮነር የሚባለው ሹም ከተመረጡ የአካባቢው ሰዎች ጋር ተቀምጦ ስለ አሟሟቱ ምስክር ይሰማ ነበር። ይህን «የአሟሟት ችሎት» እንበለው። ብዙውን ጊዜ ከሚጠቀሱት አምስት ሟቾች የችሎት ወረቀታቸው በኦርጅናሉ የተረፈው የካትሪን ኤዶውስና የሜሪ ጄን ኬሊ ብቻ ነው። የሜሪ አን ኒኮልስ፣ የአኒ ቻፕማንና የኤልዛቤት ስትራይድ ችሎት የሚታወቀው ጋዜጠኞች ተቀምጠው ከጻፉት ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አንድ ሰው «በቻፕማን የችሎት መዝገብ ላይ እንዲህ ተብሏል» ሲላችሁ የሚጠቅሰው ጋዜጣ ነውና። ጋዜጣው ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም። ዴይሊ ቴሌግራፍ ጥያቄና መልሱን በሰፊው ያወጣ ነበር፤ ሌሎቹ ያሳጥሩታል። ስለዚህ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና በሦስቱም ያለውን ብቻ «በችሎት የተባለ» በሚለው ሥር ጻፉ።

የፖሊስ ወረቀቶቹ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ሜፖ 3/140 በሚል ቁጥር ይገኛሉ፤ ደብዳቤዎቹ ሜፖ 3/142 ናቸው። ለንደን መሄድ አይጠበቅባችሁም፤ ግልባጮቹ ታትመዋል። የምትጠቀሙበት ግልባጭ የመዝገብ ቁጥሩን የማይጠቅስ ከሆነ ግን ተዉት።

እኔ ራሴ የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ። በቻፕማን እግር ሥር ሳንቲሞች ተደርድረው ተገኙ የሚለውን ለዓመታት ሳወራ ቆየሁ። በኋላ የሐኪሙን የባግስተር ፊሊፕስን ቃል ስፈልግ ቁራጭ ጨርቅና ሁለት ማበጠሪያ እንጂ ሳንቲም አላገኘሁም። ሳንቲሞቹ ያሉት በጋዜጣ ነው። አንዱ ጋዜጣ ጻፈው፣ ሌላው ቀዳው፣ እኔም ሦስተኛ ሆንኩ።

3. «ያየ ነው ወይስ የሰማ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በሁለተኛው ዓምድ ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ በዓይኑ ያየ፣ በሥራው ሪፖርት ያነበበ፣ የስሚ ስሚ።

ፖሊስ ኤድዋርድ ዋትኪንስ በማይተር አደባባይ በ7፡30 አለፈ፣ ምንም አልነበረም፤ በ7፡44 ተመልሶ የኤዶውስን አስከሬን አገኘ። ይህ በዓይኑ ያየ ነው። ምርመራውን የመራው ዶናልድ ስዋንሰን ቢሮው ተቀምጦ ሪፖርቱን ሁሉ ያነብ ነበር፤ ያነበበ ነው፣ ብዙ ያነበበ። ሜልቪል ማክናተን የለንደን ፖሊስ ውስጥ የገባው በሰኔ 1889 ነው፤ ኬሊ ከተገደለች ሰባት ወር አልፎ። ማዕረጉ ከዋትኪንስ እጅግ ይበልጣል፤ ለእይታ ግን ሩቅ ነው። ማዕረግ ዓይን አይሆንም።

አስተርጓሚ ካለ በዓምዱ ላይ ምልክት አድርጉ። ኢዝራኤል ሽዋርትዝ ስትራይድ በተገደለችበት ቦታ በ6፡45 ገደማ አንድ ወንድ አንዲትን ሴት ሲጥላት አየሁ አለ። እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። በስዋንሰን ሪፖርት ውስጥ በአጠገቡ የነበረው ሁለተኛ ሰው ፒፓ ሲለኩስ ነበር፤ ስታር ጋዜጣ ላይ ግን ይኸው ሰው ቢላ ይዟል። አንድ ምስክር፣ ሁለት ወረቀት፣ ሁለቱም በሌላ ሰው አፍ ያለፉ። ሁለቱም የሚስማሙበትን ያዙ፤ ፒፓውንም ቢላውንም በጥያቄ ምልክት አስቀምጡ።

ጽሑፍም እንደ ሰው ምስክር ያስፈልገዋል። ስትራይድና ኤዶውስ በተገደሉበት በዚያው ሌሊት በ8፡55 ጎልስተን ስትሪት ላይ ከኤዶውስ ሽርጥ የተቀደደ ደም የነካው ቁራጭ፣ ከበላዩም ግድግዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ስለ አይሁዶች የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ተገኘ። የፖሊስ ኮሚሽነሩ ቻርልስ ዋረን ሕዝቡ በአይሁዶች ላይ እንዳይነሣ ፈርቶ ፎቶ ሳይነሣ አስጠፋው። የገለበጡት ሰዎች አልተስማሙም፤ «ኖት» የምትለዋ የአፍራሽ ቃል በፖሊስ ሎንግ ግልባጭ አንድ ቦታ፣ በመርማሪ ሃልስ ግልባጭ ሌላ ቦታ ናት። «አይሁዶች» የሚለው ቃል አጻጻፍም አከራካሪ ነው። ስለዚህ በዚያ ቃል የፊደል አጣጣል ላይ የተገነባ ማንኛውም መላምት ከመሠረቱ ውኃ ያለበት ቤት ነው። ሽርጡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሟች ልብስ ጋር ተጋጥሞ ገጥሟል። ከአንድ ቦታ የተገኙ ሁለት ነገሮች አንድ ዓይነት ነጥብ አያገኙም።

4. ዓመቱን ቁጠሩ፣ ከዚያ ሊጣራ የሚችለውን አጣሩ።

የማክናተን ማስታወሻ የተጻፈው በየካቲት 23 ቀን 1894 ነው። ሦስት ስም ይጠራል፦ ድሩይት፣ ኮስሚንስኪ፣ ኦስትሮግ። «የፖሊስ አዛዡ ራሱ ጽፎታል» የምትሉኝ ይህንኑ ነው። መቼ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተጻፈም እዩ፦ ሰን የተባለው ጋዜጣ ኩትቡሽ የሚባል ሌላ ሰው ነው ገዳዩ ብሎ ስለጻፈ ያንን ለማስተባበል ነው። «ከሱ ይልቅ እነዚህ ይሻላሉ» ለማለት የተጻፈ ዝርዝር እንጂ የክስ ወረቀት አይደለም።

አሁን ሊጣራ የሚችለውን ክፍል ያዙ። የማስታወሻው ሌላ ቅጂ ድሩይትን 41 ዓመት ገደማ የሆነው ሐኪም ያደርገዋል፤ ሞንታግ ጆን ድሩይት ግን የ31 ዓመት ጠበቃና አስተማሪ ነበር። ኦስትሮግ ደግሞ ግድያዎቹ ሲፈጸሙ ፈረንሳይ ውስጥ እስር ቤት እንደነበረ በኋላ ከመዝገብ ተገኝቷል። ይህ እርምጃ የተፈለገው ለዚህ ነው፦ ልናጣራው በምንችለው ቦታ የተሳሳተ ሰው፣ ልናጣራው በማንችለው ቦታ ልክ ነው ብለን እንድንምልለት ሊጠይቀን አይችልም።

በስዋንሰን ላይም ይኸው ይሠራል። አለቃው የነበረው ሮበርት አንደርሰን በ1910 ባሳተመው ትዝታ ገጾች ላይ ስዋንሰን በእርሳስ የኅዳግ ማስታወሻ ጽፎ ተጠርጣሪው ኮስሚንስኪ መሆኑን ይናገራል፤ ይህም ለሕዝብ የታወቀው በ1987 ነው። ኮስሚንስኪ ኮልኒ ሃች ወደሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተልኮ ብዙም ሳይቆይ ሞተ ይላል። አሮን ኮስሚንስኪ ግን ወደዚያ የገባው በ1891 ነው፤ የሞተው በ1919። ስዋንሰን ዋሸ አልልም። ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል፤ የማን ትዝታ አይደበዝዝም? ነጥቡን ግን ቀንሱ።

5. ምስክሮቹን በሰዓት ደርድሩ።

አሠራሩ የሚገባችሁ አንዱን ሠርታችሁ ስታዩ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምሰጠው ልምምድ ቻፕማን ናት፤ መስከረም 8 ቀን 1888፣ ሃንበሪ ስትሪት ቁጥር 29፣ ጓሮ። እነዚህን ጻፉ፦

- 10፡45 እስከ 10፡50፦ ጆን ሪቻርድሰን ከጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ከጫማው ቆዳ ቆረጠ። አስከሬን አላየም።
- 11፡15 ገደማ ከተነሣ በኋላ፦ ጎረቤቱ አልበርት ካዶሽ ከአጥሩ ወዲያ «አይ» የሚል ድምፅ፣ ቆየት ብሎም አጥሩን የመታ ነገር ሰማ። በስፒታልፊልድስ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ሰዓቱ 11፡32 ነበር።
- 11፡30፦ ኤልዛቤት ሎንግ የቢራ ፋብሪካው ሰዓት ሲደውል ሰምታ፣ ከቤቱ ደጅ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሲነጋገሩ አየች። ሴትዮዋ ቻፕማን ናት አለች።
- 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፦ አስከሬኑ ተገኘ።
- 12፡30፦ ዶክተር ፊሊፕስ ደረሰ። ከሞተች ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ምናልባትም በላይ ሆኗታል አለ። ማለት ከ10፡30 በፊት።

ሐኪሙ ልክ ከሆነ ሦስቱ ምስክሮች ተሳስተዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሐኪም ሳይንስ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። አትቸኩሉ። ፊሊፕስ ራሱ ጠዋቱ ቀዝቃዛ እንደነበር፣ ብዙ ደም የፈሰሰው አካልም ቶሎ እንደሚቀዘቅዝ በዚያው ቃሉ ጨምሯል። የሞትን ሰዓት ከሰውነት ሙቀት መገመት ዛሬም ሰፊ ስፋት ያለው ግምት ነው፤ በ1888 ደግሞ ይበልጥ።

ወደ ምስክሮቹ እንመለስ። ሪቻርድሰን መጀመሪያ ለፖሊስ ሲናገር ደረጃው ላይ መቀመጡን አላነሣም፤ በችሎት ነው ያነሣው። ስለዚህ እሱ ላይ ምልክት አድርጉ። ሎንግና ካዶሽ እርስ በርስ በጥቂት ደቂቃ ይጋጫሉ፦ እሷ ደጅ ላይ አየኋት ባለችበት ሰዓት እሱ ከጓሮ ድምፁን ሰምቶ መንገድ ጀምሯል። ይህን ያህል ልዩነት ግን በየሕንፃው ሰዓት በሚያነብ ከተማ ውስጥ አያስደንግጥም፤ ሁለት የግድግዳ ሰዓት በአምስት ደቂቃ መለያየቱ የተለመደ ነበር። እንዲያውም ሁለቱ እስከ ደቂቃው ቢስማሙ ነበር የምጠረጥረው። ፀሐይ የወጣችው በ11፡23 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሎንግ ለማየት ብርሃን ነበራት። የሰውየውን ፊት ግን አላየችም፤ ራሷ ናት ያለችው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ፦ ወደ 11፡30 የተጠጋ ሞት ይበልጥ ይመዝናል፤ የሐኪሙም ቃል ከቦታው አልተነቀለም። እናንተ ሌላ ልትሉ ትችላላችሁ። ሠንጠረዡ እስካለ ድረስ የት ላይ እንደተለያየን እናያለን።

6. ዕቃና ደብዳቤ ሲሆን፣ እጅ ለእጅ ቅብብሉን ተከተሉ።

አራተኛው ዓምድ ለዚህ ነው። «ዲር ቦስ» ብሎ የሚጀምረው ደብዳቤ መስከረም 25 ቀን 1888 የሚል ቀን አለው፤ «ጃክ ዘ ሪፐር» የሚለው ስም የታወቀው በሱ ነው። የተላከው ለፖሊስ ወይም ለሟች ዘመድ ሳይሆን ለዜና ወኪል፣ ለሴንትራል ኒውስ ነው። ተራ ሰው ጋዜጣ እንጂ የዜና ወኪል አድራሻ አይመጣለትም። ከፍተኛ የፖሊስ ሹማምንትም በኋላ የጋዜጠኛ ሥራ ነው ብለዋል። ደብዳቤው የቀጣይዋን ሴት ጆሮ ቆርጬ ለፖሊስ እልካለሁ ይላል፤ «የኤዶውስ ጆሮ ተቆርጧል!» ይሉኛል ሰዎች። የተቆረጠው ከፊቷ ላይ ካሉት ብዙ ቁስሎች መካከል የአንዱ ጆሮ ጫፍ ነው፤ የተላከም ጆሮ የለም። ፖሊስ የደብዳቤውን ምስል በጥቅምት መጀመሪያ ለጥፎ ካሳየ በኋላ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ አስመሳዮች መጡ። ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ ማንኛውም ተመሳሳይ ፊርማ ምንም አያረጋግጥም።

የሰፈሩ የጥበቃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ለነበረው ለጆርጅ ለስክ በጥቅምት 16 ከግማሽ ኩላሊት ጋር የደረሰው ደብዳቤ «ጃክ ዘ ሪፐር» የሚል ፊርማ የለውም፤ ይህ ይለየዋል። ሆኖም ኦርጅናሉ ጠፍቷል፤ ያለው ፎቶው ነው። ኩላሊቱን ያየው ዶክተር ኦፐንሾው በጋዜጦች የተለጠፈበትን ዝርዝር ብዙውን አላልኩም ብሏል።

አሁን ወደ ዲኤንኤው። በ2007 በጨረታ የተገዛ ሻል የኤዶውስ ነው ተባለ፤ በ2014 ገዳዩ ተገኘ ተብሎ ተነገረ፣ በ2019 በሳይንስ መጽሔት ወጣ። ቅብብሉን ተከተሉ። በአስከሬን ክፍል የኤዶውስ ልብስና ዕቃ እስከ ቁርጥራጭ ጨርቁ ድረስ አንድ በአንድ ተመዝግቧል፤ ሻሉ የለበትም። ከ1888 ጀምሮ ማን እንደያዘው የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ የለም፤ የቤተሰብ አፈ ታሪክ እንጂ። ከመቶ ዓመት በላይ ስንት እጅ ነካው? የተመረመረው ሚቶኮንድሪያል ዲኤንኤ ደግሞ በእናት መስመር የሚወርድና ብዙ ሰው የሚጋራው ነው፤ ሰውን ለማስወጣት ይጠቅማል እንጂ አንድ ሰው ለይቶ አያሲዝም። ላቦራቶሪው እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ፣ ሻሉ ከሟች ጋር ካልታሰረ ውጤቱ የሻሉ ነው።

በ1992 ብቅ ያለው «የገዳዩ ማስታወሻ ደብተር»ም በዚሁ ዓምድ ይወድቃል። ከ1992 በፊት የት እንደነበር በሰነድ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ያመጣው ሰውም እኔ ነኝ የፈጠርኩት ብሎ፣ ከዚያ ቃሉን አጥፏል። ለእንደዚህ ዓይነት ጽሑፍ አንድ ፈተና አለ፦ ብቅ ከማለቱ በፊት ያልታተመ፣ በኋላ ግን ከመዝገብ እውነት ሆኖ የተገኘ ምን ይነግረናል?

7. ነጥብ ስጡ፤ ጥያቄውን ከነጥቡ አጠገብ ጻፉ።

ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይበቃል። ሀ በጊዜው የተጻፈ፣ በዓይን የታየ፣ በሌላ ነጻ ምስክር የተደገፈ፤ መ ምንጩ የማይታወቅ። ጥያቄውን አብራችሁ የምትጽፉት ነጥቡ የወረቀቱ ብቻ ስላልሆነ ነው። «ዲር ቦስ» ለ«ገዳዩ ምን አሰበ?» መ ነው፤ ለ«ስሙ ከየት መጣ?» ግን ሀ። ማክናተንም ለ«ገዳዩ ማን ነው?» ሐ፣ ለ«ፖሊስ በ1894 ማንን ይጠረጥር ነበር?» ሀ ይሆናል።

የተለመዱ ስህተቶች

«አምስት ናቸው» ብሎ መጀመር። የፖሊሱ የዋይትቻፕል ፋይል ከሚያዝያ 1888 እስከ የካቲት 1891 አሥራ አንድ ሟቾች አሉበት። አምስት የሚለው የማክናተንና የጥቂት ሰዎች ፍርድ ነው፤ ሊሆን ይችላል፣ ቆጠራ ግን አይደለም። በ1887 ገና ሰሞን ተገደለች የምትባለው «ፌሪ ፌይ» ደግሞ በጋዜጣ እንጂ በሞት መዝገብ የለችም።

አንዱን ዜና አሥር ጊዜ መቁጠር። በአንድ ቀን በአሥር የክፍለ ሀገር ጋዜጣ ያነበባችሁት ቃል በቃል ከተመሳሰለ ከአንድ የዜና ወኪል የመጣ ነው። አንድ ምስክር በሉት።

ዝምታን ማስረጃ ማድረግ። ሽዋርትዝ በችሎት መመስከሩን የሚያሳይ ነገር የለም፤ ከዚህ ተነሥቶ «ፖሊስ አላመነውም» ማለት አይቻልም።

ቃሉን በዛሬ ትርጉም መረዳት። ኤልዛቤት ሎንግ ሰውየው «የውጭ አገር ሰው ይመስላል» አለች። በ1888 የምሥራቅ ለንደን ሰው ይህን ሲል ብዙውን ጊዜ አይሁዳዊ ማለቱ ነበር፤ ያ ሰፈር በዚያ ጊዜ ምን ዓይነት ጥላቻ እንደሞላው እያሰባችሁ መዝኑት። ወደ አማርኛ ስትመልሱም «ፈረንጅ» ብላችሁ እንዳትገላገሉ።

ቀን በጭንቅላት መለወጥ። ያኔ እንቁጣጣሽ የሚውለው ከዛሬው በአንድ ቀን ቀድሞ ነበር፤ 1900 በእነሱ አቆጣጠር ሠግር ዓመት ስላልነበረች ነው የተንሸራተተው። ኒኮልስ የተገደለችበት ነሐሴ 31 ቀን 1888 በእኛ ነሐሴ 26 ቀን 1880 ነው፤ በዛሬው ስሌት ብትሄዱ 25 ይወጣላችኋል። በሠንጠረዡ የምንጩን ቀንና ሰዓት እንዳለ ጻፉ፣ የእኛን በጎኑ።

ከእንግዲህ «ገዳዩ ተገኘ» የሚል ዜና ስትልኩልኝ አራቱን ዓምድ ሞልታችሁ ላኩ። ባዶ የቀረውን ዓምድ አብረን እንፈልጋለን።